ዱሬቲ ያወጣችው

ሰዓቱ የጠፋው ሐሙስ ዕለት፣ ከቀትር በፊት ነው።

ዓመቱ 1957 ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ አራተኛ ቀኑ። ቦታው አምቦ፣ ጥድ ሆቴል፣ ሰባት ቁጥር ክፍል። የጠፋው የወርቅ የእጅ ሰዓት ሲሆን፣ የነበረውም አልጋው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ባለንብረቱ አቶ ንዋይ ከአዲስ አበባ የመጡ የመሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሰዓቱን የተሸለሙት ለሃያ ዓመት አገልግሎታቸው ነው። ሚስታቸውን ወይዘሮ ሸዋገነትንና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ውባየሁን ይዘው፣ በፍልውሃው ሊዋኙና ሊያርፉ ለአንድ ሳምንት መጥተዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር የመጀመሪያ ዕረፍታቸው መሆኑ ነው።

ከመዋኛው ወጥተው መሳቢያውን ሲከፍቱ ባዶ ሆነባቸው። ሚስታቸውን አልጠየቁም። አልጋው ሥር አልፈለጉም። ፀጉራቸው እንኳ ሳይደርቅ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሰውየው እንዲህ ናቸው፤ ነገር ሁሉ በደንቡ መሄድ አለበት።

ጣቢያ ያገኙት ኮንስታብል እንግዳወርቅን ብቻ ነበር። እንግዳወርቅ ከጎጃም ተዛውሮ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ትጉህ ልጅ ነው። ኦሮምኛ ለመልመድ ደፋ ቀና ብሎ አርባ ያህል ቃል ይዟል። እነዚያን አርባ ቃላት ግን ከሚገባው በላይ ያምናቸዋል።

ሃምሳ አለቃ ከበበው ስለ ተሰረቀች በቅሎ ሊያጣራ ከሄደበት ከእጃጂ ሲመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። እንግዳወርቅ ደጃፍ ላይ ጠበቀው። ፊቱ በርቷል።

"ጨርሼዋለሁ፣ ሃምሳ አለቃ። ሌባዋ አምናለች። ተቀባዩም አምኗል።"

"ሰዓቱስ?"

"እሱ ብቻ ነው የቀረው።"

ከበበው ኮቱን ሰቅሎ መዝገቡን አነበበ። ተጠርጣሪዋ በሆቴሉ አልጋ የምታነጥፍ ዱሬቲ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሰዓቱን የት አደረስሽው ተብላ ስትጠየቅ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ በጓሮ በር አወጣሁት፣ ለኦቦ ነጋሳ መለስኩለት ብላለች። አልቅሳለች። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላለች። ወይዘሮ ሸዋገነትም ወደ ጓሮ በር ስትሮጥ በመስኮት አየኋት ብለዋል። ከሆቴሉ ጀርባ የሚኖሩት ገበሬ ኦቦ ነጋሳ ደግሞ ቤታቸው ተፈትሾ ምንም ባይገኝም፣ አዎ፣ መልሳልኛለች ብለዋል። በመጨረሻም እንግዳወርቅ በጥንቃቄ አንድ ነገር ጽፏል። "ተጠርጣሪው 'ውሃ ጠጥታ ነው የተመለሰችው፣ ገና አልታለበችም' የሚል ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዘ ቃል ሰጥቷል።"

ከበበው ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። እናቱ የካቺሲ ሰው ናት፤ ኦሮምኛን ከጡት ጋር ነው የጠባው። መዝገቡን ዘግቶ ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል ገባ።

ዱሬቲ የሆቴሉን ሽርጥ እንደለበሰች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ኦቦ ነጋሳ ከአጠገቧ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያንጎላጃሉ። ከበበው በቋንቋዋ ሰላም አላት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት።

"ማል ባፍቴ?" ምን ነበር ያወጣሽው?

"ሰአ" አለች። "ሰአ ኦቦ ነጋሳ።"

እንግዳወርቅ ከበሩ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። "ይኸው፤ ለእርስዎም አመነች። የኦቦ ነጋሳ ሰዓት ነው እያለች እንኳ ነው።"

"ሰአ ማለት ላም ነው" አለ ከበበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአምቦን ውሃ ከብት ይወደዋል፤ ሆራ ይሉታል፤ ጨው እንደሚልስ ነው የሚጠጣው። ከመዋኛው የሚተርፈው ውሃ በቦይ ወደ ጓሮው ይወርዳል። ዱሬቲ አንሶላ አስጥታ የጓሮውን በር ሳትዘጋ ትታዋለች፤ የኦቦ ነጋሳ ላም በዚያ ገብታ ቦዩ ላይ ተደፍታለች። ዱሬቲ ሮጣ አስወጣቻት፤ ለባለቤቷም መለሰቻት። ጥቂት ቆይቶ ኮንስታብል መጥቶ "ሰዓቱን" እያለ ሲያፈጥባት፣ ያን ያህል የሚጮኸው በላሟ ምክንያት መስሏታል። ስትደነግጥ ያለቻት አማርኛ ጠፋችባት። እንግዳወርቅ በበኩሉ "ባሴ" ማለት "አወጣሁ" መሆኑን የሚያውቀው ገበያ ተምሮ ነው፤ ያን ባያውቅ ኖሮ ይሻል ነበር።

ኦቦ ነጋሳ ነቅተው፣ ስለ ላሟ ቅጣት ካለ እከፍላለሁ፣ ልጅቷን ግን ልቀቋት አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቀረውን ነገሩት። እሑድ ለዱሬቲ ሽማግሌ ይመጣል። ልጃገረድ ጣቢያ አደረች ከተባለ ግን ሽማግሌው መንገድ ላይ ነው የሚመለሰው።

ከበበው በመስኮት ወደ ፀሐይዋ ተመለከተ። ልልቀቃት ቢል ይችላል። ግን ሰዓቱ ሳይገኝ ከወጣች ዕድሜ ልኳን "ያቺ ሰዓት የሰረቀችው" እየተባለች ትኖራለች፤ ከተማውን ያውቀዋል። ኦቦ ነጋሳን ላማቸውን እንዲያልቡ ሰደዳቸው። ለዱሬቲ ከመምሸቱ በፊት ቤትሽ ትገቢያለሽ አላትና መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

ሆቴሉ ጸጥ ብሏል። የሆቴሉ ኃላፊ ወይዘሮ እታገኝ፣ ዱሬቲ በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌ እንኳ አንስታ አታውቅም ብለው ማሉ። አቶ ንዋይ ግን ሌላ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ የመዋኛው ጠባቂ ሌታ። ትናንት ሲዋኙ ሰዓቱን አስይዘውት፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጠው አይተውታል። ከበበው ሌታን ጠየቀ። ሌታ ጠዋቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ውባየሁን ከሆዷ ደግፎ ዋና ያስተምራት ነበር። ያላየ እንግዳ የለም፤ አቶ ንዋይም ራሳቸው አይተዋል። እሱም ተሰረዘ።

ከበበው ወደ ሰባት ቁጥር ገባ።

ግድግዳው ላይ በመሥሪያ ቤት ወረቀት የተጻፈ ነገር ተለጥፏል። ቁርስ፣ አንድ ተኩል። የእግር ጉዞ፣ ሁለት ከሩብ። ዋና፣ አራት ሰዓት። እንቅልፍ፣ ሰባት ተኩል። እስከ እሑድ ድረስ እንዲህ ይወርዳል። ከግርጌው በሌላ እጅ "ወንጪ ሐይቅ" ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ አጠገቡ አቶ ንዋይ በቀይ "ጊዜ ከተገኘ" ብለውበታል።

መሳቢያውን ከፈተ። ጠርዙ ላይ ጣት የማይሞላ ቡናማ ዱቄት ነበር። አሸተተው፤ በሶ ነው። መስኮቱ ሥር ካለው ቅርጫት ውስጥ የበሶ ጣሳ አየ።

እዚህ ላይ ከበበው ቆም አለ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ፣ በፋሲካ ሳምንት፣ ዶሮና ቅቤ ባለበት ቤት በሶ የሚያምረው ክርስቲያን አላጋጠመውም። ለመንገድ ይዘውት ይሆናል፤ ይሁን። ማን ከፈተው?

ጣሳውን አልነካውም። በምግብ ቤቱ በኩል አልፎ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተና ወደ አትክልቱ ወረደ። ወይዘሮ ሸዋገነት ከጥዱ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ማዶ አበባ ትለቅማለች። ከበበው ፈቃድ ጠይቆ ከፊታቸው ቆመ።

"ወይዘሮ፣ ዱሬቲ ወደ ጓሮ በር ስትሮጥ በመስኮት አየኋት ብለዋል። ስንት ሰዓት ነበር?"

"ለኮንስታብሉ ነግሬዋለሁ። ለስድስት ስምንት ጉዳይ።"

"በምን አይተው?"

ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

"የምግብ ቤቱ ሰዓት ከጥምቀት ጀምሮ ቆሟል። እርስዎ ሰዓት አያስሩም። እዚህ ያለነው ሁላችን ስድስት ሊሆን ነው፣ ስድስት አልፏል ነው የምንለው። ስምንት ጉዳይ ለማለት ሰዓቱ እጅ ላይ መሆን አለበት።"

ሴትዮዋ ቀለበታቸውን ማዞር ጀመሩ።

"ላሟንስ አይተዋታል?"

"አይቻታለሁ። ልጅቷ ከኋላዋ ስትሮጥ ነበር።"

"አልተናገሩም።"

"ስለ ላም የጠየቀኝ የለም" አሉና፣ ይህን ሲሉ ራሳቸውን ሰሙት መሰል፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ቀስ እያሉ ነገሩት። ባላቸው ክፉ ሰው አይደሉም። አይሳደቡም፣ አያመሹም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰዓት ነው የኖሩት። እራት ሲቀርብ ያዩታል። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ያዩታል። ዕረፍት እንሂድ ሲባል፣ እዚያ እንኳ ይተዉታል ብለው ነበር። ትናንት ውባየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃው ላይ ተንሳፍፋ "አባዬ፣ እየኝ" ስትል፣ አቶ ንዋይ ዳር ሆነው ከሌታ የተቀበሉትን ሰዓት እያዩ "አምስት ደቂቃ ቀርቶሻል" አሏት። ልጅቷ ሰጠመች፤ ሌታ አወጣት።

"ሰዓቱን ነው የጠላሁት፣ እሳቸውን አይደለም። ሦስት ቀን ብቻ እንዲጠፋ ፈለግሁ። እሑድ አልጋ ሥር ላገኘው ነበር። በበሶ ውስጥ የቀበርኩት ድምፁ እንዳይሰማ ነው፤ በዚህ ሳምንት በሶ የሚከፍት የለም።"

"ዱሬቲ ስትያዝስ?"

"አምናለች ሲሉኝ ግራ ገባኝ። ሰዓቱ እኔ ጋ ነው፣ እሷ ምን አመነች? ነገ ይለቋታል አልኩ። ንዋይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሚያፍሩት ማፈር ታየኝ። ፈራሁ።"

"የእርስዎ ነገ ይነጋል፣ ወይዘሮ" አለ ከበበው። ከዚያ የእሑዱን ሽማግሌ ነገራቸው።

ሸዋገነት ተነሱ። ወደ ክፍላቸው ገብተው ጣሳውን ይዘው ወጡ። ባላቸውን ራሳቸው ጠሯቸው።

ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይዋ ጥዶቹ ጫፍ ላይ ነበረች። እንግዳወርቅ ጣሳውን ጋዜጣ ላይ ገለበጠው። ሰዓቱ በበሶ ተለውሶ ወጣ፤ ይሠራል። አቶ ንዋይ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ሚስታቸውን ተመለከቱ።

ከበበው ለዱሬቲ ሁሉን በኦሮምኛ አስረዳት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የታሰረችው በላሟ ይመስላት ነበር። ሌባ ተብላ እንደነበር የሰማችው አሁን ገና ነው። ሲያለቅስ የዋለው ዓይኗ ደረቀ። ወደ ሸዋገነት ዞራ አማርኛዋን ፈልጋ አገኘች።

"እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ዱሬቲ ሽርጧን ፈታች። አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አቶ ንዋይ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ የሚገባሽን ካሳ ሁሉ እንከፍላለን እያሉ ጀመሩ። አላስጨረሰቻቸውም።

"ካሳ አልፈልግም። ከሆቴል ስወጣ ሰው ሁሉ አይቷል። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። እትዬ ይምጡና፣ ያሉኝን አሁን እንዳሉኝ ለእነሱም ይንገሯቸው።"

ሸዋገነት እሺ አሉ። ከበበው ልጅቷን ጀምበር ሳትጠልቅ እናቷ ደጅ አደረሳት። እንግዳወርቅ ሲጽፍ የዋለውን ቃል በቀይ ሲሰርዝ ቆየ፤ ሥራውን ይወድ ስለነበር አንጀቱ አርሯል።

እሑድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ አቶ ንዋይ፣ ሸዋገነትና ውባየሁ መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው በእግራቸው ወደ ዱሬቲ እናት ቤት ወጡ። ሽማግሌዎቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ኦቦ ነጋሳም አሉ። ሸዋገነት አልተቀመጡም። ቆመው፣ ሰዓቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ይህች ልጅ ንጹሕ ናት፣ እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አሉ። እስከ መጨረሻው ተናገሩት። አብሯቸው የመጣው ከበበው አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ተረጎመው። ዱሬቲ ከጓዳ በር ሆና ሰማች። ብዙ ቆይታ ወጣችና ለውባየሁ ወተት በዋንጫ ሰጠቻት። የዚያችው ላም ወተት ነው። ለእናትየዋ አልሰጠቻቸውም፤ ግን ከአጠገቧ የነበረውን በርጩማ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው።

ሽማግሌ ነገሩን አያፋጥንም። ምርቃቱ ተጀመረ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ተጀመረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለእንግዳ አዝነው፣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ እንዳይመሽባችሁ፣ ስንት ሰዓት ሆኖ ይሆን ብለው ጠየቁ።

አቶ ንዋይ በልማድ ግራ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ላይ ሰዓት ከታሰረበት የቀረ ነጭ ምልክት ብቻ ነበር። እጃቸውን መልሰው ሚስታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉት።

"አልያዝኩም" አሉ። "ቀጥሉ፤ እንቆያለን።"