ከመንደራችን በላይ ያለውን ጥድ ማን ቆረጠው?

ይኼ ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ የደረሰ ነው።

ማመን የማይፈልግ አይመን... አልፈርድበትም። አብሮኝ የነበረው አደሪቱ ግን ዛሬም በሕይወት አለ። ስለዚያ ቀን አውራ ካላችሁት ግን ኮፍያውን አንስቶ ይወጣል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ።

ቦታው ፖርቱጋል፣ ካርቫልያል ከምትባለው መንደራችን በላይ ያለው ዳገት ነው።

ኦዴት እባላለሁ። እንጀራዬ ጫካ ነው። ያለ ልክ ተጨናንቆ የበቀለውን ጥድ፣ የደረቀውን ቅርንጫፍና ቁጥቋጦውን እናወጣለን። አደሪቱ በሞተር መጋዝ ይቆርጣል፣ እኔ በማሽን እያነሳሁ እጭናለሁ። ፋብሪካው ይፈጨዋል፣ ያደርቀዋል፣ ጨምቆም የጣት ጫፍ የምታክል የማገዶ እንክብል ያደርገዋል። ክረምት ሲመጣ ሰው በከረጢት እየገዛ ምድጃው ውስጥ ይጨምረዋል።

እኛ ካላወጣነው በጋ ላይ እሳት ይበላዋል። ከነቤታችን።

"ወይ እኛ እናነደዋለን፣ ወይ እሱ ያነደናል" ይላል አደሪቱ። ሁልጊዜ ይስቅ ነበር ሲለው።

በዚያ ዓመት ዙሪያውን አጽድተን አንድ ቦታ ብቻ ቀረን። ልክ ከመንደሩ ራስጌ ያለው፣ የአክስቴ ዲዮሊንዳ የጥድ ጫካ። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ መንደሩ በሙሉ "አክስቴ" ነው የሚላት። ጥዱ ድመት እንኳን አያሳልፍም፣ እንዲያ ነው የተጠቀጠቀው።

ልንጀምረው ስንል ሙቀቱ ጨመረና ክልከላ ወጣ። ማንም ሰው ጫካ ውስጥ ማሽን እንዳያስነሳ። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃለች።

ጥዱ እንደቆመ ቀረ። መንደሩም ከሥሩ።

በዚያ ቀን አደሪቱና እኔ የቤቴን ጣሪያ ፍንጣሪ እንዳይይዘው ውሃ እያጠጣን ነበር። ድንገት ቱቦውን ዘጋው።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ዝም በያ... ስሚ።"

ከላይ፣ ከዳገቱ...

ኽርርር... ኽርርር... ኽርርር...

"የትኛው ጅል ነው በዚህ ሙቀት የሚቆርጠው?" አልኩ።

"የሞተር አይደለም" አለኝ። "የእጅ መጋዝ ነው።"

ከጋራው ማዶ ጭስ ታይቷል የሚል ወሬ ጠዋት ሰምተናል። ንፋሱ ወደኛ ቢዞር እዚያ ላይ ያለው ሰው አለቀለት። ሄደን እናውርደው ተባባልን።

መኪናውን መንገዱ የሚያልቅበት ላይ አቁመን በእግር ወጣን።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። በነሐሴ፣ በእኛ አገር በጋ፣ የዛፍ ላይ ነፍሳት ጆሮ እስኪያደነቁሩ ይጮሃሉ። ያን ቀን ግን አንድም የለም። ወፍም የለም።

ከዚያ ጉቶዎቹን አየን።

ጥዱ ተቆርጧል። የተቆረጠው ቦታ እንደ አውራ ጎዳና ሰፍቶ፣ ዳገቱን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት ይሄዳል። ቅርንጫፉ ተጠርጎ ወጥቷል። ግንዱ በጎን በጎን ተከምሯል፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ።

"ትናንት እኮ እዚህ ነበርኩ" አለ አደሪቱ። "ትናንት ቆሞ ነበር!"

"ቀስ በል..."

"ኦዴት፣ ይኼ የአሥር ሰው የወር ሥራ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አንዱን ጉቶ ነካሁት። ሙጫው ገና እየተንጠባጠበ ነው። ግን...

ይቀዘቅዛል።

ድንጋዩ እግር በሚያቃጥልበት ፀሐይ፣ ጉቶው ከጉድጓድ እንደወጣ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ኽርርር... ኽርርር... ኽርርር...

ከፊታችን ነው። በጣም ቅርብ።

"ወንድም!" ብዬ ጮህኩ። "እሳት እየመጣ ነው! ውረድ!"

መጋዙ ቆመ።

ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ቀጠለ።

የአንድ ጥድ ጫፍ ሲወዛወዝ አየን። ተሰነጠቀ... ወደቀ። ሮጠን ደረስን።

ማንም የለም። አዲስ ጉቶ ብቻ።

አደሪቱ ክንዴን ያዘኝ። ያ ሲስቅ የሚውል ሰውዬ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"እንመለስ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማነው?"

"አትጠይቂኝ።"

"አደሪቱ! ማነው?"

"ሦስት ጊዜ ይስባል... ያርፋል... ኡሁ ኡሁ ብሎ ይስላል። ከዚያ ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ ከሱ ጋር እንጨት ቆርጫለሁ። እንደዚያ የሚቆርጥ አንድ ሰው ነው የማውቀው።"

ሊነግረኝ አላስፈለገውም። ቤላርሚኑ ነው። የአክስቴ ዲዮሊንዳ ባል። እኔ ሕፃን ሳለሁ በመጣው በትልቁ እሳት ጊዜ፣ እሳቱን መንገድ ላይ ላስቀረው ብሎ የእጅ መጋዙን ይዞ ወደዚሁ ዳገት ወጣ። አልተመለሰም። አጥንቱ እንኳን አልተገኘም።

ያኔ... ከክምሩ ጀርባ...

አንድ ሰው ሲስል ሰማን።

ጭስ የዋጠ ሰው የሚስለው ሳል። እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የሻከረ። አንዲት ቃል።

"ውረዱ።"

ቀና ስል ከጋራው ጫፍ ላይ ጥቁር ጭስ ተነስቷል። ንፋሱ ዞሯል።

እንዴት እንደወረድን አላውቅም። መኪናውን እያስነሳሁ እንኳን ከላይ ይሰማኝ ነበር። ኽርርር... ኽርርር... አሁን ግን እየቸኮለ።

የመንደሩን ሰው ስናስወጣ አክስቴ ዲዮሊንዳ በሯ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች።

"አክስቴ፣ ይነሱ! ይቃጠላሉ እኮ!"

"አልሄድም" አለችኝ። ዓይኗ ዳገቱ ላይ ነው። "ገና አልጨረሰም።"

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቧት።

እሳቱ ጋራውን ተሻግሮ እያገሳ ወረደ። እኛ ከወንዙ ማዶ ሆነን አየነው። ጥዱ ከተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ... የሚበላው አጣ። ከዛፎቹ አናት ወደ መሬት ወረደ፣ ተንፏቀቀ፣ የቀረውን የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በውሃ ጨረሱት።

አንድ ጣሪያ አልተነካም።

የእሳት አደጋው አለቃ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ መጣ። "ያንን ማነው የቆረጠው? እጁን ልስመው!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔና ወደ አደሪቱ ዞረ። አደሪቱ መሬት መሬት ያያል።

"እኛ አይደለንም" አልኩ።

ማንም አላመነኝም። አክስቴ ዲዮሊንዳ ብቻ ራሷን ነቀነቀች።

ክልከላው ሲነሳ ክምሩን ወደ ፋብሪካ ያጋዝኩት ብቻዬን ነው። አደሪቱ ሥራውን ለቆ ነበር። ተፈጨ፣ ተጨመቀ፣ እንደሌላው እንጨት እንክብል ሆነ። አይለይም።

ነሐሴ ሳያልቅ አክስቴ ዲዮሊንዳ ፋብሪካው በር ላይ መጣች።

"ከዚያ እንጨት አንድ ከረጢት ስጪኝ።"

"በዚህ ሙቀት ምን ሊያደርጉት? ክረምት ሲገባ ራሴ አመጣልዎታለሁ።"

"ለኔ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን?"

ቀረብ አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እጁ አልሞቅ አለኝ።"

ከረጢቱን ተሸክሜ ቤቷ አደረስኩላት።

መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የብረቱ ምድጃ በእሳት ቀልቷል። ከፊቱ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ገብቼ ከረጢቱን ሳስቀምጥ ትንፋሼ...

ትንፋሼ እንደ ጥር ጠዋት ጭስ ሆኖ ወጣ።

አክስቴ ዲዮሊንዳ እንክብሉን በእፍኝ እየዘገነች ምድጃው ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ከትከሻዋ ሻሏን አውልቃ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገች።

"ተጠጋ" አለች፣ ለልጅ እንደሚነገር። "ተጠጋ የኔ ጌታ። አትፈር፣ ኦዴት ናት።"

ባዶው ወንበር... የድንጋዩን ወለል እየፋቀ...

ቀስ ብሎ ወደ እሳቱ ተጠጋ።