ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠው

ወናጎ የሄድኩት ልጣላ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የሆነውን የሚሰሙ ሰዎች ገና ስንተያይ ልቤ የቀለጠ ይመስላቸዋልና።

ዲላ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት የሐሙስ ከሰዓት ክፍሌ ቀስ በቀስ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ የኋላ ወንበሮች ባዶ ሆኑ፤ ቀጥሎ የመሃሎቹ። የቡና ለቀማ ወቅት ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ያኔ ግማሹ ተማሪ ቤተሰቡን ሊያግዝ ይሄዳል። ግን ግንቦት ነበር። የት እንደነበሩ ስጠይቃቸው አንዱ ጉንፋን ይዞኝ ነው ይላል፣ ሌላዋ ለቅሶ ቤት ነበርኩ ትላለች። የዲላ ሰው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ የሚታመምና የሚሞት እስኪመስለኝ ድረስ።

በመጨረሻ ሜሪ የምትባል፣ መዋሸት የማይሆንላት ተማሪዬ አወጣችው።

«ቲቸር፣ እንዳትቀየሚን። ወናጎ በፌ ጋ ነው የምንሄደው።»

«በፌ ማነው?»

«በፍቃዱ። ኮድ ያስተምረናል።»

«እኔስ ምንድነው የማስተምራችሁ?»

ሜሪ ጫማዋን አየች። «አንቺማ... ለፈተና ነው።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቦታው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የሚስማርና የቆርቆሮ መሸጫ ጀርባ ያለ ክፍል ነው። አንደኛው ግድግዳ ጥቁር ተቀብቶ ሰሌዳ ሆኗል። ተማሪዎቼ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ላፕቶፕ ለሦስት ለአራት ተጋርተው ይንጫጫሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ የማውቀው ልጅ ሁሉ ቆሞ ይከራከራል። ሰሌዳው ፊት እጅጌውን የሰበሰበ ቀጭን ወጣት ነበር። ዞር ሲል በሩ ላይ አየኝ።

«ግቢ እህቴ። ቦታ የለም፣ ግን ጠጋ ጠጋ ይሉልሻል።»

ጠጋ ያለልኝ ግን አልነበረም። ተማሪዎቼ እንደ ድንጋይ ደርቀው ቀሩ። እኔም እልህ ያዘኝና በሜሪ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ከገበሬው የተረከበውን እሸት ቡና በስልክ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠሩ ነበር። በደንብ ነው የሚያስተምረው፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና የገበሬው ስም ሲበዛ ፕሮግራሙ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ጠየቀው። በፍቃዱ ጆሮውን እከክ አደረገ።

«እሱን እኔም አላውቅም» አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር። «ይህን የሚያስተምሩበት ጊዜ ሳይደርስ ትቼ ወጣሁ።»

ልጣላ መምጣቴን ረሳሁ። ተነስቼ ጠመኔውን ከእጁ ወሰድኩ። ፕሮግራሙ አንድ ስም ለማግኘት ሁሉንም ስም ከላይ እስከ ታች እንደሚያነብ፣ ስሞቹ በቅደም ተከተል ቢቀመጡ ግን መሃል ላይ ጀምሮ ግማሹን መተው እንደሚችል ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው። ከኋላዬ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። «ይሄንን እኮ አስተምራን ነበር! ለዚህ መሆኑን መች አወቅን?»

በፍቃዱ አፉን ከፍቶ ያየኛል። «አንቺ ማነሽ?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቲቸራችን ናት!» አለ።

ብዙ ወንድ ሲያፍር ይቆጣል። እሱ ሳቀ፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ ሳቀ። ልጠላው ያሰብኩት ነገር እዚያው ላይ ተበላሸ።

ሚኒባስ መጠበቂያው ድረስ ሸኘኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቁጣዬን እንደምንም ሰበሰብኩት።

«ክፍሌን ባዶ ያደረግከው አንተ ነህ።»

«እኔ ማንንም አልጠራሁም፣ ቲቸር። ራሳቸው ናቸው የመጡት።»

«ምን ፈልገው?»

«ሥራ። ናይሮቢ ላለ ድርጅት ከዚሁ ሆኜ እንደምሠራ ሰምተው መጡ። አንቺ የምታስተምሪያቸው እውነት ነው፤ ምሳሌዎቹ ግን እነሱ ሳይወለዱ የተጻፉ ናቸው።»

የማስተምርበት ጽሑፍ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የተማርኩበት ነበር።

«አንተስ የማታውቀውን እንዴት ታስተምራለህ?»

«ለዚያ ነው አንቺ የምታስፈልጊኝ» አለና የተናገረው ነገር በኋላ ገባው። እንደገና ቀላ። ሚኒባሱ መጣልኝ እንጂ እኔም መቅላቴ አይቀርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎቼን ይዤ ወናጎ እሄድ ጀመር። እሱ ሥራው አሁን ምን እንደሚጠይቅ ያሳያል፣ እኔ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አስረዳለሁ። አንዳችን የሌላውን ንግግር እናቋርጣለን፣ ተማሪ ፊት እንከራከራለን፤ እነሱም ጨዋታ እንደሚያይ ሰው ይደሰታሉ። ዲላ ስመለስ ደግሞ የኮሌጁ ዲን ቢሮ እየገባሁ እጨቀጭቃለሁ። ልጆቹ አልሰነፉም፤ የሚሠሩበት ዓለም ከመጽሐፋችን ቀድሞ ሄዷል እያልኩ። ዲኑ ሲሰለቸው «እሺ፣ መፍትሔውን አንቺው አምጪ» አለኝ። በዚያ መንገድ ነው የቅዳሜና እሁዱ ፕሮግራም የተወለደው። ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች የሚያውቁትን ተፈትነው ያልፉታል፣ የቀራቸውን ብቻ ይማራሉ። እንዲያስተምርልን በፍቃዱን ለመቅጠር ጠይቄ ነበር፤ ዲግሪ የሌለው ሰው ማስተማር አይችልም ተባልኩ።

«ታዲያ አንተው ተመዝገብና ጨርሰው» አልኩት።

«ሬጅስትራር ደጅ ዳግመኛ አልቆምም» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አላስጨነቅኩትም።

አንድ ሐሙስ ዝናብ ያዘን። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ፤ እኛ ሁለታችን የቆርቆሮ መሸጫው በረንዳ ላይ ቀረን። መብራት ጠፍቷል፤ ከማዶ እንሰቱ ቅጠል ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ብቻችንን መሆናችን ደስ ይላል፤ ያስፈራልም።

«ሮሆቦት» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ልጆቹ ቲቸር ነበር የሚለኝ። ስሜ ከእሱ አፍ ሲወጣ አዲስ ሆነብኝ።

«አቤት?»

«ሐሙስ እስኪደርስ አልችልም። ሌሎቹንም ቀናት እፈልጋቸዋለሁ።»

«እኔም» አልኩት።

ሽማግሌ ሊልክ የአባቴን ሙሉ ስም ጠየቀኝ። ወልደዮሐንስ ስለው ዐይኖቹ ፈዘዙ።

«ሬጅስትራር የነበሩት ጋሽ ወልደዮሐንስ?»

«ታውቀዋለህ?»

«ያውቁኛል» አለ ቀስ ብሎ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕድሜውን የጨረሰው የኮሌጃችን ሬጅስትራር ቢሮ ነው። ስለ ሰው ሲናገር ክፉ ቃል ብዙም አይወጣውም፤ አንድ ስድብ ግን አለው። «ጀምሮ የሚተው» ይላል። ቤት ሠሪውም፣ ባለሱቁም፣ ጎረቤቱም ሥራውን ካልጨረሰ ለአባቴ አለቀለት። በፍቃዱ ደግሞ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ወረቀቱን ፈርሞ ያሰናበተው እሱ ነበር። ናይሮቢዎቹ ሥራውን አሁኑኑ ጀምር ስላሉት ነው የተወው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለእናቴ ነገርኳት። ለአባቴ ግን አንድ ወጣት ሽማግሌ እንደሚልክ ብቻ ነገረችው፤ ስሙን መናገር ሁለታችንም ፈራን። ያለ አባቴ ፈቃድ ማግባት አልፈልግም ነበር፤ በፍቃዱን ማጣትም አልችልም ነበር።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ዋናው ተናጋሪ አቶ በዛብህ ነበሩ፤ ዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ ቡና የሚያለሙ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሲበዛ ደግ ሰው። እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን እንሰማለን። ሰላምታው አለቀ፣ ጸሎቱ አለቀ፣ ልጅዎን ለልጃችን ተባለ።

«ልጃችሁ ሥራው ምንድነው?» አለ አባቴ።

በፍቃዱ ለአቶ በዛብህ ሥራውን ደጋግሞ አስጠንቷቸው ነበር። ሁሉም ጠፋባቸው።

«ናይሮቢ ነው የሚሠራው።»

«ናይሮቢ ነው የሚኖረው?»

«አይ፣ ወናጎ ነው የሚኖረው። ናይሮቢ ነው የሚሠራው።»

«እየተመላለሰ?»

«ኧረ ሄዶም አያውቅ!»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ዋጠች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የአባቴ ድምፅ እየቀዘቀዘ ነበር።

«ወንድም በዛብህ፣ ሄዶ የማያውቅበት አገር እንዴት ይሠራል?»

አቶ በዛብህ ጨነቃቸው። ለልጁ ሲሉ፣ ለእኔም ሲሉ፣ ያላቸውን ሁሉ ወረወሩ። «ብቻ በዲግሪ የተመረቀ ነው! በማዕረግ!»

በእግዚአብሔር ፊት ጸልየው የጀመሩት ነገር መሃል ውሸት ገባ። ዝም ብል ያልፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አባቴ ልጁን ሲያየው ግን ያውቀዋል። ደግሞም በፍቃዱ ሽማግሌ ፊት በውሸት የሚቆም ሰው አይደለም። እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ አስለቅቄያት ወጣሁ። ሴት ልጅ ሽማግሌ መሃል አትገባም፤ አውቃለሁ።

«አባዬ፣ አልተመረቀም። ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጧል። በፍቃዱ ነው ስሙ፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

አቶ በዛብህ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ፊቱን ማንበብ አቃተኝ።

«በሚቀጥለው እሁድ ኑ» አላቸው። «ልጁን ራሱን ይዛችሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልነበረም። አንዴ ብቻ፣ ጫማውን እያሰረ፣ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ስሙን ብቻ ሰምተህ እንዳትፈርድበት ብዬ ነው።»

ክሩን አጥብቆ ወጣ።

እሁድ በፍቃዱ መጣ። ካኪ ኮት ለብሶ፣ ከሽማግሌዎቹ መጨረሻ ተቀመጠ። አቶ በዛብህ ዛሬ ትንፍሽ አልልም ብለው ነበር የመጡት። እኔም ዛሬ ጓዳ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ያን ቀን ከቢሮዬ ስትወጣ ምን አልኩህ?» አለ አባቴ።

«‹ሐሳብህን ስትለውጥ ና› አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ለምን አልመጣህም?»

«አፈርኩ። ሥራዬ ጥሩ ነበር፤ ልጆች በፌ በፌ ይሉኛል። ከዚያ ተመልሼ ከታናናሾቼ ጋር ወንበር ላይ መቀመጥ ከበደኝ።»

«አሁንስ?»

«ሰኞ ተመዘገብኩ። የቅዳሜና እሁዱን።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ልጄን ለማግኘት ብለህ?»

በፍቃዱ ጆሮውን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሼ። መጀመሪያ ለእሷ ስል ነው ደጁ ድረስ የሄድኩት። ወረፋው ላይ ቆሜ ሳስበው ግን... ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ አላውቅም እላቸዋለሁ። ሰልችቶኛል። ዛሬ ቢከለክሉኝ አዝናለሁ፤ በጣም አዝናለሁ። ቅዳሜ ግን ክፍል እገባለሁ።»

አቶ በዛብህ አፋቸውን ከፈቱና በእጃቸው ያዙት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ አባቴ።

«ሁለት ዓመት፣ ጋሼ።»

«ሁለት ዓመት...» አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ስትጨርስ ተመለስ ሊለው መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ፤ እድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። ሊለው ያለውን ላለመስማት ዐይኔን ጨፈንኩ።

«እና ይህችን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ልታስጠብቃት ነው?»

መጀመሪያ የገባቸው አቶ በዛብህ ነበሩ።

«ፈቀዱ ማለት ነው?»

«ፈቀድኩ እንጂ» አለ አባቴ። «ጀምሮ የሚተው ሰው፣ ልጄን ከለከልኩህ ቢሉትም ቅዳሜ እገባለሁ አይልም።»

እናቴ ከጓዳ እልል አለች። እኔ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በፍቃዱም ቀና ብሎ አየኝ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። አባቴ ብቻ ሬጅስትራር እንደሆነ ቀረ፤ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ስሚ፤ እየተማረ ያግባሽ። አሳይመንቱን ግን እንዳትሠሪለት!»

«እሺ አባዬ» አልኩት፣ እንባዬን እየጠረግኩ።