ሻንጣው ሳይወርድ

ፎቶ አንሺው ወደ ባሕር ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ ሰዎችን በባሕር ሥዕል ፊት እያቆመ ሲያነሳ ኖሮ፣ እውነተኛውን ባሕር ለማየት ቲኬት ተቆርጦለት፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል ከርሞ፣ በጠዋት ከገዛ ስቱዲዮው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የእንጨት መሰላሉ ከጎኑ ወድቋል። ሊያወርደው የነበረው ትልቁ ሻንጣ ከቆጡ ጫፍ ግማሽ አካሉ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል።

ሚስቱ ባትናገር ኖሮ ነገሩ ተራ አደጋ ተብሎ ያልፍ ነበር። ፖሊሶቹ ገና ከበሩ ሲገቡ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ውሰዱኝ» አለቻቸው።

የጣቢያው አዛዥ ነገር ማንዛዛት አይወድም። መርማሪዋን ጠራና፣

«ሴትየዋ አምናለች። ይዘሻት ነይና ፋይሉ ይዘጋ» አላት።

«ለምን?»

ይህችን መርማሪ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚሏት በከንቱ አይደለም። «እንደምን አደርሽ?» ቢሏት እንኳ ምክንያቱን የምትጠይቅ ይመስላቸዋል።

«እንዴት ለምን? ገደልኩት አለች እኮ!»

«እኔም ባሌ የሞተ ለታ እንዲሁ ብዬ ነበር። የገደለው ግን ኩላሊቱ ነው። እስከ ማታ ጊዜ ስጠኝ።»

«እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣሽ ሴትየዋ እዚህ ታድራለች» አለ አዛዡ፤ ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም።

ስቱዲዮው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በስተኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ሸራ ላይ ሊሄዱባት ያሰቡት የባሕር ጠረፍ ከተማ ተሥላለች፤ ነጫጭ ቤቶች፣ ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ጀልባዎች፣ ከጀልባዎቹ ማዶ ደግሞ ግማሽ ገላዋ ውኃ ውስጥ የገባ ብርቱካናማ ፀሐይ። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የተነሳው ከዚህች ፀሐይ ፊት ቆሞ ነው። የሣላት የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። በወጣትነቱ እዚያች ከተማ ሥዕል ተምሮ፣ መርከብ ቀለም ሲቀባ ኖሮ እንደተመለሰ ሁሉም ያውቃል። ከሸራው ጎን የሟቹ ልጅ ለጉዞው ያመጣችው ካርታ ተለጥፏል። በስተቀኝ ሰማያዊው ባሕር፣ መሐል ላይ ከተማዋ፣ በስተግራ ቡናማ ተራሮች ይታያሉ። የዓሣ ገበያው፣ የመብራት ማማውና ማረፊያቸው በእርሳስ ተከብበዋል።

መርማሪዋ መሰላሉን አገላብጣ አየችው። የላይኛው መርገጫ በአንድ በኩል ተላቅቆ ተንጠልጥሏል። የቀኙ ብሎን በቦታው ነው፤ የግራው የለም። ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንጨቱ አልተቦጨቀም፣ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ባትሪዋን አብርታ በጉልበቷ ተንበረከከችና ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሸች፤ መጥረጊያ ለምና ጠረገችውም። አቧራና የፀጉር ማስያዣ አገኘች እንጂ ብሎን የሚባል ነገር አልነበረም።

ቀና ስትል ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ። ደንበኞች የሚቀመጡበት፣ መቀመጫው ቀይ ከፋይ የለበሰ ወንበር ነው፤ ከሸራው ሥር ተጠግቶ ቆሟል። ከፋዩ ላይ በሰማያዊ ቀለም የጫማ ሶል ታትሟል። ነካችው፤ ገና ጣት ላይ ይለጠፋል።

የሟቹ ሚስት ጓዳ ተቀምጣ አንድ ቀሚስ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

«እንዴት አድርገው ነው የገደሉት?» አለች መርማሪዋ፣ ከጎኗ ቁጭ ብላ።

«በንዝንዝ! እሱ ትንሿ ቦርሳ ትበቃናለች አለ፤ እኔ ትልቁን ካላወረድክ ብዬ ድርቅ አልኩ። ትናንት ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት። ‹ነገ ጠዋት አወርድልሻለሁ፣ አሁን እህሌን ልብላበት› አለኝ። ምን ልሞላበት መሰለሽ? ዛጎል! ይህን ያህል ዕድሜ ይዤ ዛጎል ልለቅም!»

«ሌላ ሰው ሊያወርደው አይችልም ነበር?»

«ቆጡ ላይ አሮጌ ካሜራዎቹ አሉ። እዚያ ከእሱ ሌላ ማንም ወጥቶ አያውቅም፤ ካሜራዎቹን የሚሰብሩበት ነው የሚመስለው።»

«ጉዞውን ያሰበው ማነው?»

«ራሱ። በየማታው ካርታው ሥር ተኮልኩለን እንጨቃጨቃለን። እሱ የዓሣ ገበያው ይላል፣ ልጄ ማማው ትላለች፣ እኔ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ልቀመጥ እላለሁ። አስጎብኚያችን ወንድሙ ነው፤ አገሩን የሚያውቀው እሱ ነዋ። እሱ ግን ሰበብ አያጣም፤ አንዴ ነፋስ ነው፣ አንዴ ሙቀት ነው እያለ ስንት ጊዜ አስቀረን!»

«ለምን?»

ሴትየዋ ቀሚሱን አጠፈች። «እኔ እንጃ» አለች ወደ ግድግዳው እያየች።

«ባለቤትዎስ እስከ ዛሬ ለምን ሳይሄዱ ቀሩ?»

«አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ካሜራ ያዘ፣ ታናሹ እንዲማር። እዚያ ሥዕል ትምህርት ቤት የላከው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለራሱ መቼ ደረሰና!»

ግቢው ውስጥ የሟቹ ልጅና ባሏ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባሏ አናጢ ነው፤ መርማሪዋን ገና ሲያያት ብድግ አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መሰላሉን በቅርቡ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ብሎኑን ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል።»

«አጥብቀኸዋል ወይስ አላጠበቅኸውም?»

«እኔማ... ጥርሴን ነክሼ ነው ያጠበቅኩት። በኋላም ወጥቼ ዘልዬበታለሁ። ግን ሰውዬው ወደቀ! ታዲያ ምን ልበል?»

«ዝም በል» አለችው ሚስቱ በለቅሶ በሰለለ ድምፅ። «ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ይቆየን ሲል፣ አሁን ካልሄዳችሁ አትሄዱም ያልኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ በልቧ፣ በዚህ ቤት ዛሬ ራሱን የማይከስ ሰው ባገኝ እሱን ነው የምይዘው አለች።

«ትናንት ከሰዓት መሰላሉ የት ነበር?»

«ስቱዲዮ ውስጥ። አጎቴ እየሠራ ሻይ ልሰጠው ስገባ፣ መሰላሉ ከሸራው አጠገብ ቆሞ ቀሚሴን ያዘኝ፤ ይኸው ተቀደደ። አባዬ ‹እስክንመለስ ይደርቃል፣ ሰማዩን አድስልኝ› ብሎት ሰማዩን እየቀባ ነበር።»

«መሰላሉ ላይ ወጥቶ?»

ልጅቱ አሰበች። «እኔ ስገባ ወርዶ ብሩሽ ያጥብ ነበር።»

ሠዓሊውን ያገኘችው ከስቱዲዮው በር ውጭ ነው። ያለቅሳል፤ ለቅሶውም የእውነት ነው። መርማሪዋ ስለ ሞቱ አንድም ነገር አልጠየቀችውም።

«እኔም ያቺን ከተማ ልያት እያልኩ ስንት ዓመቴ። እንዴት ናት?»

ፊቱ ፈታ አለ። ቁልቁል እስከ ውኃው ስለሚወርዱት ደረጃዎች ነገራት፤ ከልጆች እጅ ዳቦ ስለሚነጥቁት ነጫጭ ወፎች፣ በሰገነት ላይ ሆነው ከማዶ ለማዶ ስለሚሰዳደቡት ሴቶች። ሲያወራ ያምራል፤ እሷ እንኳ ለአፍታ ሥራዋን ረስታ ፈገግ አለች።

«ማታ ማታስ?»

«ማታማ ከሥራ ወጥተን ድንጋዩ ላይ ቁጭ እንልና ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ ስትጠልቅ እናያለን። የሣልኳት እሷን ነው። አንድም ቀን አምልጣኝ አታውቅም።»

«እንዴት ደስ ይላል» አለች መርማሪዋ፤ ፈገግታዋ ግን ጠፍቶ ነበር።

ከመምሸቱ በፊት ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡም ከነኮፍያው መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። በሸራው ፊት ተደርድረው ሲቀመጡ አናጢው ሳያስበው፣ «ፎቶ የምንነሳ እኮ ነው የሚመስለው» አለና ወዲያው አንገቱን ደፋ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ገደልኩ ይለኛል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እናት በንዝንዝ፣ ልጅ በቲኬት፣ አማች በብሎን። ከብሎኑ ልነሳ። በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ሰው ሲረግጠው የተነቀለ ብሎን እንጨቱን ይቦጭቀዋል፤ ወድቆም ወለሉ ላይ ይገኛል። ይኸኛው ቀዳዳው ደህና ነው፤ ብሎኑም የለም። ስለዚህ አንድ ሰው በካቻቪት ፈትቶ ወስዶታል። አንተ ሥራህን በደንብ ሠርተሃል፤ ከአሁን በኋላ ራስህን አትውቀስ።»

አናጢው ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ፈቺው ማነው? ሟቹ ዛሬ ጠዋት መሰላሉ ላይ እንደሚወጡ ምሳ ላይ የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል። መርገጫው አደገኛ መሆኑን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፈቺው። አደገኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? አይወጣበትም።»

ወንበሩን ጎትታ መሐል ላይ አቆመችው።

«ትናንት ከሰዓት የሰማዩን ጫፍ የቀባ ሰው የግድ ከፍ ያለ ነገር ላይ መቆም ነበረበት። መሰላሉ እዚሁ አጠገቡ ነበር፤ የልጅቱን ቀሚስ ቀዶታል። ሰውየው ግን ደንበኛ የሚቀመጥበት ከፋይ ላይ በቀለም ጫማው ወጣ። መሰላል እያለ ወንበር ላይ ለምን ይወጣል?»

ሁሉም ወደ ሠዓሊው ዞሩ። እሱ ጫማውን አየ።

«እኔ... ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ።

«ልማድማ ቢሆን ኖሮ ከፋዩ ላይ የሌሎች ቀናት ቀለም ይኖር ነበር።»

«ወንድሙን ለምን ይገድላል?» አለ አዛዡ ከበሩ። ዛሬ ለምን የማለቱ ተራ የእሱ ሆነ።

«ጉዞው እንዲቀር። ካርታውን እዩት። ባሕሩ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው፤ ተራሮቹ በስተምዕራብ። እዚያ ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች፤ የምትጠልቀው ከተራሮቹ ኋላ ነው። አንድ ማታ እንኳ ያደረ ሰው ይህን አይስትም። እሳቸው ግን በየማታው ባሕሩ ውስጥ ስትገባ እንዳዩአት ነገሩኝ።» ወደ ሠዓሊው ዝቅ አለች። «እዚያች ከተማ ሄደው አያውቁም፤ አይደል?»

ሠዓሊው እጁን ሱሪው ኪስ ከተተና ትንሽ ብሎን አውጥቶ ወንበሩ ላይ አኖረ።

«እግሩን ወለም ቢለው ብዬ ነው» አለ። «እግሩን ብቻ። ቢተኛ አስታምመዋለሁ፣ እስኪድን ጊዜው ያልፋል፣ ጉዞውም ይረሳል ብዬ ነው። ጠዋት ልነግረው ተነስቼ ነበር፤ ብሎኑን ልመልስ። እስክደርስ ወደቀ።»

«አጎቴ!» አለች ልጅቱ።

«አልደረስኩም። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ለምሳ ሲቆም ፈራሁ። ጋሼ ለእኔ ብሎ ትምህርቱን ጥሏል፤ ሄጄ ብወድቅስ? ምን ይዤ ልመለስ? አውቶቡሱ ሲነሳ አልተሳፈርኩም። እዚያው...»

«እዚያው ጋራዥ ገባህ» አለች የሟቹ ሚስት። «ቢጫ ቱታ ለብሰህ የጭነት መኪና ታጥብ ነበር።»

ሠዓሊው ቀና አለ። «ማን ነገረሽ፣ እትዬ?»

«እሱ ነዋ። ጋራዡ ያለበት ከተማ ሰርግ ሊያነሳ ሄዶ አየህ። ባልዲ ይዘህ። እንዳታፍር ብሎ ፊቱን አዙሮ ሌላ መንገድ ዞረ። ቤት ገብቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ‹ከአቅሙ በላይ የጫንኩበት እኔ ነኝ› እያለ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፤ ለአንተም ጭምር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው። ጉዞውንም ያሰበው ስላንተ ነው። ‹አብረን እንየው፤ ውኃው ዳር ስንቆም ራሱ ይነግረኛል፤ ባይነግረኝም ይቅር፣ ብቻ አንዴ ይየው› አለኝ። ሰበብ በደረደርክ ቁጥር ልነግርህ አፌ ላይ ይመጣል፤ መሐላው ይይዘኛል። ትናንት ብነግርህ ኖሮ ዛሬ እሱ ሻንጣ ይዘጋ ነበር።»

አዛዡ ኮፍያውን አወለቀ። መርማሪዋ መስኮቱን ከፈተችና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?» አለ ሠዓሊው። ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ያን ሁሉ ዓመት ስዋሽ ለምን ዝም ብሎ ሰማኝ?»

«ስታወራ ደስ ይልህ ነበራ» አለችው። «የከፋህ የመሰለው ቀን ነበር ‹እስቲ ስለ ባሕሩ አውራኝ› የሚልህ።»

ሠዓሊው ሊነሳ ሞከረ። አናጢው ሚስቱን አየት አድርጎ ተነሳና በብብቱ ገብቶ አቆመው፤ እስከ ፖሊስ መኪናውም ደግፎት ሄደ።