የተሰረዘው የኤርካሎ መልእክት

ፈጠራ ነው የምትሉ እዚሁ አቁሙ... ይሄ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሶዶ መሀል የሆነ ነው። የሰማሁትም ከራሷ ከብሩክታይት አፍ ነው።

2000 ዓ.ም. ነው። ብሩክታይት መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ትሠራለች። ያኔ ስንቱ ሰው ኢሜይሉን ራሱ ይከፍት ነበር? አድራሻ የምታወጣለት እሷ፣ የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ፣ የምታነብለት እሷ። ሳትጠየቅም ታነብ ነበር። ወሬ ትወዳለቻ!

እማማ አሰፋሽ ተበላ ከምትባለው ከተማ በሚኒባስ እየመጡ የልጃቸውን መልእክት ያስነብቧታል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ኤርካሎ በኬንያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄደ ነበር።

አንድ ቀን የእማማን ኢሜይል ስትከፍት ማስታወቂያ ሞልቶታል። ሎተሪ ደርሶዎታል፣ ርካሽ ሰዓት፣ የውፍረት መድኃኒት...

በሸቀች። ሁሉንም በአንዴ መርጣ ጨርሶ እንዲጠፋ ሰረዘች።

ሊጠፋ ሲል አንድ ስም አየች።

ኤርካሎ። «እማ፣ ድንበር ላይ ያዙኝ። ዛሬውኑ በዚህ ስልክ...»

ጠፋ። ብትፈልገው፣ ብትፈልገው... የለም።

«መጣ ወይ፣ ልጄ?» አሉ እማማ ከኋላዋ።

«አልመጣም።»

ፈርታ ነው የዋሸችው። ከዚያ ወዲህ ኤርካሎ ድምፁ ጠፋ። እማማ ግን መመላለሳቸውን አልተዉም።

«መጣ?»

«አልመጣም፣ እማማ።»

እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ትላለች ለብቻዋ። ያኔ ግን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ነገሩ ጀመረ።

ጠዋት የእማማን ኢሜይል ስትከፍተው አዲስ የገቡት ማስታወቂያዎች ሁሉ ተከፍተው ተነብበዋል... እሷ አልነካቻቸውም። የይለፍ ቃሉን ቀየረች።

በማግስቱም ተነብበዋል።

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ገቡ። «መጣ?» አላሉም። ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የሚታየው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሰዓት ማስታወቂያ ነው። ጣታቸውን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ።

«እማማ... ምን እያደረጉ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። እያነበብኩ ነው።»

ጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ግን የጎረምሳ ነበር።

«እማ፣ ድንበር ላይ ያዙኝ። ዛሬውኑ በዚህ ስልክ ደውዪ...»



ጣታቸው ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።

«ብሩክታይት አይታኛለች፣ እማ።»