ከሸራው ስር ያለችው እናት

ቀራፂው ጁልያን ክሬን፣ ሐውልቱ ሊመረቅ በነበረበት ዕለት ማለዳ ከመቆሚያው ድንጋይ ስር ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ተጋድሟል፤ እጁ ሰም የነካው ጨርቅ እንደጨበጠ ነው። ከበላዩ የነሐሷ ሴት ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከተማችን ዊሎው ቤንድ ይህችን ሴት ለማቆም ስምንት ዓመት ተጨቃጭቋል። ጠመንጃ ትያዝ፣ የለም መጽሐፍ ቅዱስ ትያዝ ሲባል ሁለት ከንቲባ አለፈ። በሰረገላ መጥተው ይህን የካንሳስ ሜዳ ያቀኑት እናቶቻችንም እስከዚያው አንድ በአንድ አለቁ። ያናድዳል እኮ።

ሸሪፍ ኤሞስ ቲሌት ሬሳውን ካየ በኋላ ሸራው እንዲነሳ አዘዘ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ኮርዴሊያ ቫንስ ከፊቱ ተገተረች። ከምርቃት በፊት የሐውልቷን ፊት ማንም አያይም፣ ወጉ ነው፤ ሰውየው ወድቆ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር፣ እንግዳው ግን ከየእርሻው እየመጣ ነው አለችው። ከንቲባውም ያንኑ ደገመ። ሸሪፉ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑን መታ። በዚህ ከተማ ሰው ሲሞት እንኳ የሚታሰበው ሰልፉ ነው ብሎ አጉረመረመ።

ሸራው በማኅበሩ ሴቶች እጅ እንደ ከረጢት ዙሪያውን ተሰፍቷል። ሸሪፉ ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ ዞረ። በአንድ በኩል፣ ከክሩ ጎን ለጎን፣ ክር የሌለባቸው የመርፌ ቀዳዳዎች አገኘ። የክሩን ቋጠሮ ፈለገ፤ አጣው። ብዙ ቆሞ አሰበና ወደ ባንክ ቤቱ ባለቤት ወደ ፕሬስኮት ሉሚስ ሄደ። ነሐሱን የገዛው እሱ ነው፤ ማታ ከቀራፂው ጋር ሲጨቃጨቅ የሰማው ሰው ብዙ ነው።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ ሉሚስ። «የእናቴን ፊት እንዲያደርግላት ነግሬው ነበር።»

«እናትህ ፒያኖዋን ይዛ በባቡር አይደል እንዴ የመጣችው?»

«እሱ አንተን አይመለከትህም። አድርጌልሃለሁ ብሎኛል። የተጣላነው ቆቡን ትንሽ ከፍ አድርግላት፣ ፊቷ ይታይ ብዬው እምቢ ስላለኝ ነው።»

ሸሪፉ ከዚያ ወደ እማማ ሁልዳ በርገን አለፈ። በሰረገላ ከመጡት በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሐውልቱ ፊት የኮርዴሊያ እናት የማርታ ሊሆን ቃል ተገብቶ እንደነበር፣ ልጅቷም ያለቻትን አንዲት ፎቶ ለቀራፂው እንደሰጠች ነገሩት።

«ማርታን መንገድ ላይ ነው የቀበርናት» አሉ። «ተኩላ እንዳያወጣት ሰረገላዎቹን በላይዋ ላይ ነዳንባት። ቦታው ዛሬ ለእኔም ይጠፋብኛል። ኮርዴሊያ ያኔ እቅፌ ውስጥ ነበረች።»

«ሸራውን እርስዎም ሰፍተዋል?»

የተቆላመሙ ጣቶቻቸውን አሳዩት። «በዚህ? ቁልፌንም ሰው ነው የሚቆልፍልኝ።»

«እሺ፣ እናንተ የማኅበሩ ሴቶች ብርድ ልብስ ስትሰፉ ቋጠሮው የት ይገባል?»

«ጨርቁ ውስጥ ነዋ። ቋጠሮዋ የሚታይ ሴት እኛ ጋ መሳቂያ ናት።»

ሸሪፉ ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ ጠቆረ። ከኮርዴሊያ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት።

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ከከንቲባው ጋር ሐውልቱ ስር ሰበሰባቸው። ሕዝቡ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ይጠብቃል።

«ክሬን በእጁ የሰም ጨርቅ ይዟል። ነሐሱ እንዲያበራ የመጨረሻውን ሰም ሊቀባት ነበር ማለት ነው» ሲል ጀመረ። «ለዚያ ደግሞ ሸራውን መተርተር አለበት። ተርትሮታል፤ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ባዶ ቀርተዋል። ታዲያ ማን መልሶ ሰፋው? የሞተ ሰው አይሰፋም።»

የሁሉም ዓይን ሉሚስ ላይ አረፈ።

«አንተ አይደለህም» አለው ሸሪፉ። «አንተ ብትሆን እንደ ጆንያ አፍ ቋጥረህ ትሄድ ነበር። ነገ ለሚቀደድ ሸራ ማን ይጨነቃል? ይህ ሰው ግን ቋጠሮውን ጨርቁ ውስጥ ቀብሮታል። እጁ ስለለመደ ነው። ብርድ ልብስ የሚሰፋ እጅ ነው። የእማማ ሁልዳ ጣት መርፌ አይዝም። ክሬን ፊቱን በሉሚስ እናት እንደለወጠው ቢያውቅ አንጀቱ የሚቃጠል ሌላ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ኮርዴሊያ፣ ተሳስተሃል በይኝ፤ እባክሽ።»

ኮርዴሊያ የሸራውን ስፌት በጣቷ ነካችው።

«አሳየኝ ብዬው በመሰላሉ ወጣሁ» አለች። «ፊቷ የእናቴ አይደለም። ወርጄ ምነው ስለው፣ እናትሽን ማን ያውቃታል አለኝና ወጥቶ ሰሙን መቀባት ቀጠለ። መቃብር የላትም፣ ኤሞስ። ይህች ነበረች መቃብሯ። መሰላሉን ገፋሁት።»

ሸሪፉ ቢላዋውን አውጥቶ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ሸራው ወደቀ።

መቆሚያው ከፍ ያለ ነው፤ ቆቡም ፊቷን ጋርዶታል። ከታች ለሚያያት፣ ከአገጯና ከጥላው በቀር የሚታይ ነገር የላትም። ሉሚስ ባርኔጣውን አውልቆ እናቴ አለ። ከገመዱ ወዲያ አንድ ገበሬ አክስቴን ትመስላለች ብሎ እንባውን ጠረገ። እማማ ሁልዳ የኮርዴሊያን ክንድ ጨበጡ።

«ቁርጥ ማርታ!» አሉ። «አየሽልኝ? አገጯ ራሱ!»

ኮርዴሊያ ቀና ብላ አየች።

«ከዚህ ሲያዩዋት እሷን ትመስላለች?» ስትል ጠየቀች።

«እንዴ፣ እናትሽን አላውቃትም ልትዪኝ ነው?»

ሸሪፉ ተናደደ፤ ንዴቱን በማን ላይ እንደሚወጣ አላወቀም። ትላንት ከታች ሆነሽ ብቻ ብታያት ኖሮ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ተወው። ክንዷን ይዞ በሕዝቡ መሃል ወደ መኪናው ወሰዳት። እሷ አንገቷን አዙራ አሁንም ወደ ላይ ታያለች።