የገና ዋዜማ በረዶ

ደግሰው ከአሸተን ማርያም በላይ ካለው ረግረግ ሞቶ የተገኘው በገና ዋዜማ ጧት ነው። ኢንስፔክተር የሻረግ ስትደርስ መንደርተኛው አስከሬኑን ዳር አውጥቶ፣ ጎረቤቱን አረጋን አስሮ ጠበቃት።

«ከብቶቼን ከረግረጉ ሣር አስከለከለብኝ። ‹እዚሁ ትቀራለህ› አልሁት» አለ አረጋ። «አፌ ነው እንጂ እጄ የለበትም።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ማንም አላመነውም።

የሟቹ ሚስት ባንቺዓለም ወደ ፊት ወጣች። «እርሱ እኮ የአየሩን ሙቀትና ብርድ በየቀኑ የሚለካ ሠራተኛ ነበር። ‹የሰው ጢስ ዓለሙን አሙቆታል፤ ውርጩ ሳስቷል፤ ዘንድሮ በረዶው ሰው አይችልም› እያለ ሲለምን ከረመ። ታዲያ እርሱ ራሱ ለምን ረግረጉ ውስጥ ይገባል?»

የዚያ መንደር ሰው ለገና ላሊበላ ሲወርድ፣ በረዶ የሠራውን ረግረግ ፀሐይ ሳትወጣ በላዩ ተራምዶ ያቋርጣል። አባት አያቱም እንዲሁ ነበር።

«ውርጭ የእግዜር ነው፤ ጢስ ምን አገባው? እያልሁ ስከራከረው ኖርሁ» አሉ የሟቹ አባት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል። በተራ ዱላ ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ። ሬሳውን አቅፈው አልቅሰዋል፤ ጋቢያቸው ርሷል፣ ጀርባውንም ጭቃ ነክቶታል።

የሻረግ ዳሩን ዞረች። የደግሰው ጫማና ጋቢ ደረቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከተሰበረው በረዶ መሀል የመቋሚያ ራስ ብቅ ብሏል። ያየችውን ባላየች ደስ ባላት። ሰዉን ሁሉ ሰበሰበች።

«አረጋን ፍቱት። የተገፋ ሰው ጫማ አያወልቅም። ደግሰው በረዶው እንደማይችል እያወቀ ገባ፤ የሰጠመ ሰው ሊያወጣ ነው። ያ ሰው መቋሚያ ይዞ ነበር።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «መሪጌታ፣ ማኅሌት ሊቆሙ የሚወርዱ ሰው መቋሚያዎ የት አለ? ሬሳ ያቀፈ ደግሞ ደረቱ ይርሳል እንጂ ጀርባው በጭቃ አይለወስም።»

መሪጌታ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«በረዶው እንደሚችል ላሳየው ገባሁ። ‹አባ፣ ይመለሱ› አለኝ፤ አልሰማሁትም። ከሥሬ ገብቶ በትከሻው ገፍቶ አወጣኝ። ዞር ስል የለም። አረጋን ሲያስሩት እንኳ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ይቅር በለኝ፣ አረጋ ልጄ።»

ከእስሩ የተፈታው አረጋ የራሱን ጋቢ አውልቆ አለበሳቸው።

በዚህ መሀል የረፈደባቸው የገና መንገደኞች ከማዶ ወደ ረግረጉ ሲወርዱ ታዩ። መሪጌታ ተነሡ። ለማኅሌት ያቆዩትን ድምፅ አወጡት።

«ዙሩ፣ ልጆቼ፣ በዳር ዙሩ። በረዶው ሰው አይችልም።»

ባንቺዓለም የባሏን ቃል ከአማቷ አፍ ሰማችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።