ከደሙ በላይ ያለው ስፌት

የንፋስ መውጫ ነፋስ በቅሎ ከነኮርቻዋ አንስቶ ስማዳ ያወርዳል። ያን ጠዋት ግን ዘበኛው ይግዛው የአይጥ ምርምር ቤቱን ሲከፍት፣ ያየውን አይቶ ነፋሱም ቀጥ አለ። የአይጦቹ ገብስ የሚወቀጥበት የብረት ዘነዘና የዶክተር ይስሐቅን ራስ ለሁለት ከፍሎታል። ደሙ ጣሪያ ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ነጭ አይጥ፣ ጉንጯ ተሰፍቶ፣ ትተነፍሳለች።

ኢንስፔክተር ምሥራቅ ሬሳውን ትታ አይጧ ላይ አጎነበሰች።

«የሞቱት እዚያ ናቸው፣ እመቤቴ» አለ ይግዛው።

«እሳቸው አይሸሹም። ይቺ ምን ሆና ነው?»

የዶክተሩ ረዳት ወልደ ሩፋኤል መለሰ። «የጉንጯ ነርቭ ላይ ኤሌክትሮድ የሚባል ቀጭን ሽቦ ታስሯል። ኤሌክትሪኩ ሕመም ያስታግስ እንደሆነ ልናይ ነው። እናቴ የፊት ነርቭ ሕመምተኛ ናት፤ ነፋስ ሲነካት ትጮሃለች፣ እህል አታላምጥም። ተስፋዋ ይኸው ነው።»

«ይስሐቅ ግን ሁሉን ዘግቶ ሊሄድ ነበር» አለ ሌላው ተመራማሪ ጸጋዬ። «ትናንት በዚሁ ተጣልተናል፤ አልክድም።»

«አይጧን ማን ሰፋት?»

«ዶክተሩ ናቸዋ» አለ ወልደ ሩፋኤል። «እኔ ሳይጨርሱ ወጥቻለሁ።»

«ይኸ ልጅ እኮ ቤተ ልሔም ገዳም ብራና ሲፍቅ ያደገ ነው» አለ ይግዛው። «አሁን አይጥ ያስታምማል።»

ምሥራቅ፣ ጸጋዬ «እነዚህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» ሲላት፣ የሌሎቹን አይጦች ጉንጭ አንድ በአንድ አየችና ሦስቱን ሰዎች ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ፀጉሯ ላይ የተረጨው የዶክተሩ ደም ነው። ክሩ ከደሙ በላይ ነጭ ሆኖ አልፏል። ስለዚህ የተሰፋችው እሳቸው ከተመቱ በኋላ ነው፤ ሬሳ ደግሞ አይሰፋም። ጋሼ ይግዛው መርፌ ቢይዙ ጣታቸውን ይሰፋሉ። ጸጋዬ፣ ሌሎቹን የሰፋሃቸው አንተ ነህ፤ እያንዳንዱን ለብቻው ትቋጥራለህ። ይኼኛው ግን አንድ ክር ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠማዘዘ። የተቀደደ ብራና ነው እንዲህ የሚሰፋው።»

ወልደ ሩፋኤል እጁን አየ።

«ሽቦው ታስሮ፣ ቁስሏ አፉን ከፍቶ ሳለ ‹ጣላት፣ አበቃ› አለኝ። ‹እናቴስ?› ስለው ሳቀ። መታሁት። ሳቁ ከጆሮዬ እስኪወጣ መታሁት። እሷን እንዴት ክፍት ልተዋት?»

ካቴናው ሲገባለት «በላች?» አለ።

«አይጧ? ገብስ ቆረጠመች» አለች ምሥራቅ።

«እንግዲያ ሕመሟ ታግሷል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይግዛው በሩን ሲከፍትላቸው ነፋሱ ተነሳ። ከታች ካለው ቤት የወልደ ሩፋኤል እናት ጩኸት ተሰማ።